ፓተንቱ የሚጠብቀው ፊርማ

ጎንደር፣ ኅዳር 8

ለውድ ወንድሜ ዕንባቆም፣ የእኔና የእማዬ ናፍቆት መተማ ድረስ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ የኮሶዬ ገብስም ዘንድሮ ሸጋ ነው።

አብረን ለፈጠርነው የገብስ መፈተጊያ ማሽን ፓተንት ተፈቀደ። የምስክር ወረቀቱ ግን ሁለታችንም ካልፈረምን አይሰጥም፤ ቀነ ገደቡ ሰኞ ነው። ለሦስቱ ደብዳቤዎቼ ያልመለስከው ሥራ በዝቶብህ ይሆናል። እማዬ ስልክህ ለምን ዝግ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ "ኔትወርክ ነው" እላታለሁ።

ትናንት ጠበቃችን፣ "የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ካወጣሽ ብቻሽን መፈረም ትችያለሽ" ብሎ ማመልከቻ ሰጠኝ። ስሞላ ቆይቼ 'የሟች ስም' በሚለው ቦታ ስምህን ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። "ወንድሜ መጥቶ ይፈርማል" ብዬ ወረቀቱን መለስኩለት።

ሰኞ ይለፍ፤ ፓተንቱም ይቅር። አንተ ብቻ አንዲት መስመር ጻፍልኝ።

ፈጣሪ ባለህበት ይጠብቅህ።
እህትህ እጅጋየሁ