ኮባ የለበሰው ዳቦ

እሁድ፣ ጥር 18

ትናንት ሰንበት ስለነበር አልጻፍኩም። ዛሬም ብተወው ይሻል ነበር።

አርብ ከሥራ እንደገባሁ፣ እናቴ ጎንደር ሳለሁ እንዳስተማረችኝ፣ የሰንበቱን ዳቦ ኮባ አልብሼ ጋገርኩ። ምስር ወጡንም ሠርቼ እሳቱን አጠፋሁ። እኛ ቅዳሜ እሳት አንነካም። ከሚሴ ከመጣሁ ወዲህ ግን ቤተ እስራኤል መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም። ለምን እንደምደብቅ እንጃ፤ እዚህ ክፉ የተናገረኝ ሰው የለም።

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ትናንት ከማድቤቴ ጭስ ብታጣ ትኩስ ገንፎ ይዛልኝ መጣች።

"ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?"

"አዎ፣ ትንሽ" አልኩ።

በሰንበት እሳት የተገነፋውን ገንፎ አጠገቤ ቆማ አስበላችኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ "ያ አላህ፣ ለዚች የሰው አገር ልጅ ዓፊያዋን ስጣት" ብላ ዱዓ አደረገችልኝ። ጤነኛዋ እኔ አቀርቅሬ ተቀመጥኩ።

የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ዛሬ ጠዋት ከተረፈው ዳቦ ቆርጬ አደረግሁበትና ወሰድኩላት።

"አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ፣ ተሻለሽ ወይ?" አለችና ቆርሳ ቀመሰች። "ይሄ እንዴት ይጥማል! ማን ጋገረው?"

"ከዳቦ ቤት ነው።"

እናቴን እንዲህ በቀላሉ ካድኳት።

እትዬ ዘይነባ ዳቦውን ገለበጠችው። የኮባው መስመር ጀርባው ላይ ታትሞ ቀርቷል። በጣቷ ዳሰስ አደረገችውና ቀና ብላ አየችኝ።

"የዳቦ ቤቷ ሴትዮ እጇ ይባረክ" አለች።