ስለ ሰባት ቁጥር ክፍልና ስለ ቀዩ ቀስት

ይድረስ በአማኑኤልና በደምበጫ መካከል የምትገኘው የትንሿ ከተማችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ ለሆኑት ለተከበሩ አቶ ገዳሙ፤

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ አዲሱ ተሽከርካሪ ወንበርዎና ከራስጌው የተሰቀለው የምስጋና ወረቀት ሁላችሁም ደኅና እንደ ሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆነው ሰው ወደ እርስዎ ለመምጣት እያፈረ ቤቱ ስለ ቀረ፣ ከወንበርዎ ሆነው ሲያዩት ሁሉም ሰው ደኅና ይመስላል።

የምጽፍልዎ ስለ ጎረቤቴ ስለ እስከዳር ነው። እስከዳር የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ናት፤ ኤችአይቪ እንዳይዛት በየቀኑ አንድ ኪኒን ትውጣለች። ይህ ኪኒን የሚሰጠው ተመርምሮ ቫይረሱ ለሌለበት ሰው መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ሆኖም ከተማው ከጤና ጣቢያዎ አሠራር የተረዳው ተቃራኒውን ስለ ሆነ በትሕትና አስታውሳለሁ። ለምን እንደምትወስደው የራሷ ጉዳይ ነው። ከተማው እስካሁን አሥራ አንድ ምክንያት አግኝቶላታል፤ አንዱም የእሷ አይደለም። ስሟን በደብዳቤ መጥራቴን እንደ ነውር እንዳያዩብኝ፤ አንደኛ በፈቃዷ ነው፣ ሁለተኛ ጤና ጣቢያዎ ቀድሞኛል። አሁን በእጇ የቀራት አምስት ኪኒን ብቻ ነው፣ ቀጠሮዋ ደግሞ የፊታችን ሐሙስ ነው። እሷ ግን «እዚያ በር ላይ ከምቆም ቢይዘኝ ይሻለኛል» ብላኛለች። እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ አላማረኝም።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ ቀስቱ አመሰግናለሁ። ሰባት ቁጥር ክፍል ላይ «የኤችአይቪ መከላከያ መስጫ» ብለው በቀይ ቀለም ማስጻፍዎ ሳያንስ፣ ከግቢው በር ጀምሮ እስከ ክፍሉ ድረስ ቀይ ቀስት አስቀብተዋል። እናቴ ጥርሷን ልታስነቅል መጥታ፣ ቀስት ሁሉ ወደ ጥርስ ሐኪም የሚወስድ መስሏት፣ ሰባት ቁጥር ደጃፍ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ቤቷ ስትደርስ ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመው ጠበቋት፤ አንደኛዋም እንባዋን እየጠረገች ትልቁን ድስቷን ለማን ልታወርስ እንዳሰበች ጠየቀቻት። እናቴ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ጥርሷም እስካሁን አልተነቀለም።

፪ኛ. ስለ ዘበኛው ስለ አቶ እንዳላማው አመሰግናለሁ። የነርሷ ድምፅ ቀጭን ነው ብለው ስም መጥራቱን ለእሳቸው ሰጥተዋል። እሳቸው በልጅነታቸው ዜማ የተማሩ ናቸውና ስም የሚጠሩት ከነአባት ከነአያት፣ ስመ ክርስትናም ጨምረው፣ መጨረሻው ላይ ድምፃቸውን ጎተት አድርገው ነው። ባለፈው እስከዳርን ሲጠሯት ከመንገዱ ማዶ ፈረሱን ያጠጣ የነበረ ጋሪ ነጂ «አንቺ እስከዳር፣ አቤት በይ እንጂ! ሰውየው እኮ ትንፋሻቸው አለቀ!» ብሎ አገዛቸው። እስከዳር በዚያን ጊዜ በጓሮ አጥር ሾልካ ወጥታ ነበር።

፫ኛ. ስለ ቢጫው ፌስታል አመሰግናለሁ። መድኃኒት እንዳይቀያየር በሚል ለዚህ ኪኒን ብቻ ቢጫ ፌስታል መድበዋል። ከዚያ ወዲህ በከተማችን ቢጫ ፌስታል አንጠልጥሎ የሄደ ሰው ቃል መስጠት ያስፈልገዋል። አንድ የተከበሩ መሪጌታ ሽንኩርት የገዙበት ፌስታል ቢጫ ሆኖባቸው፣ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እያወጡ ለአላፊ አግዳሚው እያሳዩ ቤታቸው ገብተዋል። እስከዳር ግን እያወጣች የምታሳየው ሽንኩርት የላትም። በዚያ ላይ ኪኒኖቹ በፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ ስለሚንኳኩ፣ ባጃጅ ላይ ስትሳፈር ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ትጠቀጥቃለች።

፬ኛ. ስለ ሪፖርትዎ። በቅርቡ በሕዝብ ስብሰባ ላይ «በሰባት ቁጥር ክፍል ወረፋ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል» ብለው አንብበዋል፤ እኔም ከሰው ጋር አጨብጭቤያለሁ። እውነትም ተወግዷል። ሲጀመር ይመጡ የነበሩት ወጣት ሴቶች አሥራ አራት ነበሩ፣ አሁን የሚመጡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እስከዳርም ስትቀር ሁለት ይሆናሉ። በዚህ ከቀጠልን ለፋሲካ ነርሷም ማረፍ ትችላለች።

እኛ የለመንነው ትንሽ ነገር ነበር፤ ኪኒኑ እንደ ራስ ምታት መድኃኒት ከተራው የመድኃኒት መስኮት፣ በተራ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በካርድ ቁጥር እየተጠራ ይሰጥ አልን። ሦስት ጊዜ ጠይቀን ሦስት ጊዜም «አሠራሩ ለግልጽነት ሲባል ነው» የሚል መልስ በማኅተም ሰጡን። ስለ ማኅተሙ ጥራትም አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ግልጽነቱን ብቻዎን እንዲሸከሙት ማድረግ ስለ ከበደን፣ የእመቤታችን ማኅበር ሴቶች ባለፈው እሑድ ተመካክረን ወስነናል። ሐሙስ ጠዋት ሠላሳ አራታችንም ሰባት ቁጥር ደጃፍ ላይ እንሰለፋለን። ስለ በሽታው ምክር እንጠይቃለን፤ ምክር በነጻ እንደሚሰጥ ራስዎ በግቢው ለጥፈዋል። እስከዳር በመካከላችን ትቆማለች፤ ስሟ ሲጠራ ሁላችንም «አቤት» እንላለን፣ ስንወጣም እያንዳንዳችን ቢጫ ፌስታል እናንጠለጥላለን። ከሁላችን ኪኒኑን ይዛ የምትወጣው የትኛዋ እንደ ሆነች ለማወቅ የፈለገ ሰው እዚያው ይዋል፤ እኛ እንደ ሆንን አንነግረውም። አሠራሩ እስኪለወጥ ድረስ በየቀጠሮዋ እንዲሁ እናደርጋለን። ይህን ስነግራት እስከዳር «እንግዲያውስ እመጣለሁ» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ሲያነቡ የደከመ ዓይንዎን እግዚአብሔር ያበርታልን እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የብርጓል፣ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ወላጅ እናትዎ እማሆይ አመተ ማርያም የማኅበራችን አባል መሆናቸውን በሥራ ብዛት ዘንግተውት ይሆናል። ዕድሜያቸውን አስበን ቤት ይቅሩ ብንላቸው «ልጄ የሠራውን እኔ ሳላየው ማን ሊያየው ነው?» ብለው ስለ ተቆጡን፣ የሰልፉን መጀመሪያ ለእሳቸው ሰጥተናል። እናትዎ ለምን እንደ መጡ ከተማው ሲጠይቅዎ የሚሰጡትን መልስ እስከ ሐሙስ ቢያዘጋጁ መልካም ነው።