ግማሽ አንብበሽ ስለመሰከርሽለት መጽሐፍ

ለምወድሽ የበኩር ልጄ፤

የአባቶቻችን አምላክ ሰላሙን ያብዛልሽ። ጤናሽ እንዴት ሰነበተ? ያ ሳልሽ ተወሽ ወይ? ባልሽስ፣ ትንሿስ፣ ቤታችሁስ እንዴት ነው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው፣ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። የእናትሽን ነገር ከዚህ በታች ታገኚዋለሽ። ሰላምታውን ያስቀደምሁት ሥርዓት ስለሆነ ነው እንጂ ቁጣዬ በርዶ አይደለም።

እንደምታውቂው፣ የእናትሽ ዓይን ከደከመ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ከራስጌዋ ተቀምጬ አነብላታለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በየእሑዱ ስልኳን ይዛ ትመጣና የመጻሕፍት ብሎግሽን ትከፍትልናለች፤ እናትሽም አንቺ ያመሰገንሽውን ልብ ወለድ ሁሉ «የልጄ ምርጫ ነው፣ ይገዛልኝ» ትላለች። መጽሐፍ ሻጩ ባየኝ ቁጥር «የኔታ፣ ዳዊቱን ለማን አወረሱት?» እያለ ይቀልድብኛል። ስለ አንቺ ስል ችዬዋለሁ።

ባለፈው ወር ስለ አንድ አዲስ ልብ ወለድ «እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያስቅ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒት የሆነ» ብለሽ ጻፍሽ። ገዛሁት። እስከ ግማሹ ድረስ እውነትም ያስቃል፤ እናትሽ ጎኗን ይዛ ስቃለች። ከዚያ የባለታሪኩ ሚስት ታመመች። ሐኪሙ ባሏን ወደ ኮሪደር ጠርቶ ተስፋ እንደሌላት ነገረው፤ ባልየውም ተመልሶ «ጨጓራ ነው» አላት። ልጄ ሆይ፣ እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቃል መዝለል ነውር ነው ተብዬ በአለንጋ የተማርሁ ሰው ነኝ። ዓይኔ ያየውን አፌ አወጣው፤ ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው።

እናትሽ እጄን ይዛ ንባቡን አስቆመችኝ። «እርስዎንም ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠርቶዎት ነበር፤ የእኔም ጨጓራ እንዲህ ያለው ነው?» አለችኝ። እኔ፣ አንቺና ሐኪሙ ተማክረን «ጨጓራ ነው» ብለን የደበቅናት ነገር በአንድ ገጽ ተገለጠ። መስቀሉ ከአልጋዋ በላይ ተሰቅሎ እያየኝ መዋሸት አልቻልሁም። ነገርኋት።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ከጽሑፍሽ ሥር የሰፈረውን አስተያየት አነበበችልን። አንድ አንባቢ «መጨረሻውንስ ወደድሽው?» ብሎ ቢጠይቅሽ «ገና ግማሹ ላይ ነኝ፤ ግን ከአሁኑ ገብቶኛል» ብለሽ መልሰሻል! ምኑ ነው የገባሽ? እኛ ንባቡን ሳንጨርስ ለትርጓሜ ብንቀመጥ መምህራችን ከጉባኤ ያባርሩን ነበር። አንቺ ግን ያላየሽውን አይቻለሁ ብለሽ በአደባባይ መሰከርሽ። ይህ የሐሰት ምስክርነት ካልሆነ ምን ስም ይውጣለት? አንብበሽው ቢሆን ኖሮ ደውለሽ «አባባ፣ ይህን ለእማማ እንዳያነቡላት» ትይኝ ነበር። በአንቺ ስንፍና እናትሽ የሞቷን ወሬ ከእኔ አፍ፣ ስትስቅ በነበረችበት ትራስ ላይ ሰማችው።

እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ይህም ይበልጥ አናደደኝ። «ከእናንተ ይልቅ መጽሐፉ አከበረኝ» አለችና ከእጄ ወስዳ ከትራሷ ሥር ከተተችው። «ቀሪውን እርስዎ አያነቡልኝም። ልጄ ትምጣና እሷ ካቆመችበት ትጀምርልኝ፤ እኔ ደግሜ እሰማለሁ» ብላ ቁርጡን ተናገረች። ብለምናትም እምቢ አለች። ግትርነትሽን ከማን እንደወረስሽ አሁን ገባኝ።

ሐኪሙ ጊዜው አጭር ነው ብሏል። ስለዚህ ብሎጉም ይቆይ፣ ሥራውም ይቆይ፤ ተነሺና ነይ።

ለባልሽ፣ ከነቁጣዬም ቢሆን፣ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺ፤ መንገድሽን ያሰናዳልሽ። ትንሿን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ፊደል መቁጠር ጀምራ እንደሆነ ጻፊልኝ። ለአማትሽም እጅ እነሣለሁ። እናትሽ ሁላችሁንም አንድ በአንድ ስማችኋለች።

አደራ፣ መጽሐፉን እዚያ ገዝተሽ ቀድመሽ እንዳትጨርሺው። መጨረሻውን ከእሷ ጋር ስሚው።

አባትሽ
ከእናትሽ ራስጌ፣ ኅዳር ፬ ቀን