የሰረዝካቸው ሕመምተኞች

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ስለ እማዬ "ትንሽ ደክሟት ነው" ብዬ በስልክ የነገርኩህ እሷው አስምላኝ ነው። ዛሬ መሐላዬን አፍርሻለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ብል አንጀቴ አረረ።

ያ ለክሊኒካችን የሠራኸው ማሽን የመጣውን ሰው ትኩሳት፣ የልብ ምትና የሚያመውን ቦታ ይዞ ከድሮ ሕመምተኞች ማንን እንደሚመስል ይፈልጋል። በጣም የሚቀርበው ሰው ጠንቶበት ከነበረ ቀይ ያበራል፣ ቀድሞ ይገባል፤ ቀሎት ከነበረ አረንጓዴ ያበራል፣ ተራውን ይጠብቃል። እሰየው ብለን ነበር፤ ግን ኮምፒውተራችን አሮጌ ነውና ተንቀራፈፈ። አንተስ ምን አደረግክ? ከድሮዎቹ ሕመምተኞች ሌላ ማንንም የማይመስሉትን ከማሽኑ ሰረዝካቸው! እኔ ነርሷ "ኧረ ተው፣ ሰዎቹ እኮ የእውነት ታመው ነበር" ስልህ፣ "እትዬ፣ እነሱ ማሽኑን ከማንቀራፈፍና ከማደናገር በቀር ምን ይጠቅማሉ? ጥቂት ናቸው" ብለህ ሳቅክብኝ። ፈጠነልህ አይደል? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች!

ማክሰኞ እማዬ መጣች። ደረቷን አላመማትም። መንጋጋዋን ይዛ ላብ በላብ ሆናለች። ማሽንህ ጥርሳቸውን ካመማቸው ሰዎች ጋር መደባትና አረንጓዴ አበራ። ልቧ ነበር፣ ወንድሜ! ደረቱን ሳያመው ልቡ የታመመ እንደሷ ያለ ሰው ነበረን እኮ። ያጠፋኸው አንተ ነህ።

ላስገባት ብል አልነሳም አለች። ገና ስትገባ አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት ሁሉ "ይሄን የሠራው ልጄ ነው" ብላ አውርታለች። "ተሳስቷል፣ ተነሺ!" ብዬ ስጮህ እጄን ጨምድዳ ይዛ "ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል" አለችኝ። እዚያው እስክትወድቅ ድረስ ተራዋን ጠበቀች።

አሁን ተኝታለች። ሐኪሙ ትተርፋለች ብሏል፤ ልቧ ግን እንደ ድሮው አይሆንም።

የማሽንህን ሶኬት ነቅያለሁ። አለቃዬ ወረፋው በዛ፣ መልሺው እያለ ነዘነዘኝ። እነዚያን ሰዎች አንድ ሳታስቀር ካልመለስክ እኔ በቁሜ አይሰካም። ቢንቀራፈፍ ይንቀራፈፍ! እናታችንንም ጨምርበት።

ለምን አልተነሳችም ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ "ማሽኑን ስላመነችው ነው" እላለሁ። ትናንት ራሷን ጠየቅኳት፤ "እውነት አምነሽው ነበር?" አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና "አለቆችሽ ልጄን ተቆጡት እንዴ?" አለችኝ።

እሷን ያቆይልን፤ ለአንተም ማስተዋሉን ይስጥህ።

የምትወድህ፣ ዛሬ ግን ልታይህ የማትፈልግ
ታላቅ እህትህ