ጠበቃ ያቆምኩበት ነገር

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት እሺ አለሽ? እማዬስ እንቅልፍ ይወስዳታል? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሥራም አግኝቻለሁ፣ ምግብም ይበላልኛል።

በስልክ «ተይው፣ ከባለገንዘብ ጋር አትጋፊ» ብለሽኝ ነበር። አልተውኩትም። እንዳትቀየሚኝ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

የላውንደሪያችንን ባለቤት «ሽቶው» ነበር የምንለው፤ ጠረኑ ከሱ ቀድሞ ስለሚገባ። የመተኮሻውን ማሽን መከለያ ያስነቀለው እሱ ነው። ግራ እጄን ማሽኑ ሲይዘኝ ሮጦ መጣና አንሶላውን አገላብጦ አየ፤ እጄን አይደለም። በማግስቱ በፋሻ ጠቅልዬ ብመጣ፣ በአንድ እጅ የሚሠራ ሥራ የለኝም ብሎ አሰናበተኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጠበቃ ቢሮው መስታወት በመስታወት ነው። ለማማከር ብቻ ከቤት ኪራዬ የሚበልጥ ተቀበለኝ። እኔ ሳወራ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ የሽቶውን ስም ስጠራ ቀና አለ። ለካ ወዳጁ ነው! ይቅርታ ጠይቀሽ ብትመለሺ ይሻልሻል አለኝ። የተቃጠልኩት እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂዋም እኔ! ገንዘቤን መልስልኝ ብለው፣ መክሬሽ የለም ወይ አለ። እንዲህ ያለውን ደላላ እንዳልለው፣ ደላላ እንኳ ቢያንስ ቤት ያሳያል።

ሁለተኛዋን የጠቆመችኝ ቁስሌን የምታጥብልኝ ነርስ ናት። ቢሮዋ ከጫማ ሰፊው በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ባለጉዳይ ሲበዛ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የምትይዘው የሠራተኛ ጉዳይ ብቻ ነው። ከተረታሽ አትከፍይኝም፣ ከረታሽ ከምታገኚው ከአምስት አንዱ የእኔ ነው አለችኝ። በጽሑፍ ይሁንልኝ አልኳት። ሳቀችና እዚያው ጽፋ ፈረመች።

ችሎት ላይ ሽቶው በራሷ ዝርክርክነት ነው የተቃጠለችው አለ። ጠበቃዬ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ መከለያው የት እንደሄደ ጠየቀችው። ደረቱን ነፍቶ፣ ሥራ ስለሚያጓትት አስነቀልኩት አይል መሰለሽ! ያቆመው ጠበቃ ግንባሩን ያዘ። እታለም፣ እንዲህ ያለውን ጅል ስፈራ መኖሬ አናደደኝ።

ከውሳኔው በፊት ሽቶው ኮሪደር ላይ ጠራኝና፣ ክሱን ተይው፣ ወደ ሥራሽ እመልስሻለሁ፣ እኛ እኮ እንደ ቤተሰብ ነን አለኝ።

«ቤተሰቤን አትስደብ» አልኩት። አንተ ብዬው አላውቅም ነበር።

ተፈረደልኝ። የሕክምናዬንም፣ የቀረብኝን ደመወዝም ከፈለ። ለጠበቃዬ ድርሻዋን ስሰጣት ቅር አላለኝም። አሁን አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ ተረካቢ ነኝ።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ባልሽንም ሰላም በይልኝ፤ ሴት ልጅ ችሎት ምን ትሠራለች ብሎ ነበር አሉ፣ የሠራሁትን አንብቢለት። ለእማዬ ግን ሁለቱ ጣቶቼ እንደማይታጠፉ አትንገሪያት። ረታች ብቻ በያት።

ታናሽ እህትሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን