ግማሽ ግማሹ የተጻፈበት ደብተር

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ጀምበሬ ይድረስ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ክፉ ጉልበትዎ ክረምቱን እንዴት አወጣዎት? የእቴ ማንተገብሽስ ዓይናቸው ተሻላቸው ወይ? እኔ ናፍቆታችሁ ካልሆነ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም፣ በደስታ መሬት አልበቃ ብሎኛል።

ይህን ደብዳቤ ሰው የጻፈልኝ እንዳይመስልዎ። በገዛ እጄ ነው! በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ እዚህ ማትናስ በሚሉት የሰፈራችን አዳራሽ ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። የእናታችን አባባሎች ከእኔ ጋር እንዳይቀበሩ ብዬ ነው። አንድ ደብተር ሙሉ ጽፌ ለአስተማሪዬ ለኤፍራት ባሳያት፣ ቀሪው የት አለ ብላ ጠየቀችኝ። ለካ ሁሉንም ግማሽ ግማሹን ነው የጻፍኩት! መቼም ያውቃሉ፣ እማዬ ግማሹን ጣል አድርጋ ዝም ነበር የምትል፤ ቀሪውን የሚጨርሰው ሰሚው ነው። ለአዋቂ ሰው እስከ መጨረሻው መናገር እንደ ስድብ ነበር። እኔም እንደሰማሁት ጻፍኩት። ኤፍራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችብኝ።

ልጆቼ ቶሜርና ኦርታል ከተኳረፉ ዓመት ከመንፈቅ እንዳለፋቸው ነግሬዎታለሁ። አባታቸው ታሞ ሳለ ማን አስታመመ፣ ማን ሸሸ ተባብለው ነው። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ገብቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። በአንድ ማዕድ ሳላያቸው ልሞት ነው ብዬ አንጀቴ አርሮ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለአባታቸው ሙት ዓመት ሁለቱም መጡ። ተቀመጡ፤ አንዷ ከዚህ ጥግ፣ አንዱ ከዚያ ጥግ። ያው አስታራቂ ሽማግሌያችን አባ መኩሪያ ሊመክሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ እኔ ቀደምኳቸው። እርስዎና እኔ በእንስራ ስንጓተት እማዬ የምትለንን፣ የወንድምና የእኅቱን፣ ግማሹን ብዬ ዝም አልኩ። አማርኛው ጠፍቶኛል እያለ እኔን እንኳ በዕብራይስጥ የሚያናግረኝ ቶሜር፣ ቀሪውን ጨረሰው! አንዲት ቃል ስቶ ነበርና ኦርታል ቶሎ ብላ አረመችው። ከዚያ እሱን ማናገሯ ትዝ ሲላት ደነገጠች። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። ተነሥቶ ግንባሯን ሳማት። አባ መኩሪያ ቤሰደር፣ እሺ ይሁን፣ እኔማ ሥራዬን ተቀማሁ ብለው ምግባቸውን ቀጠሉ። እኔ ሙት ዓመት መሆኑን ረስቼ እልል ብል፣ ጎረቤቶች ሠርግ መስሏቸው መጡ።

ኤፍራት የደብተሩን ቀሪ ግማሽ እንድሞላው ብትለምነኝ እምቢ አልኳት። የሚጨርሱ ልጆች አሉኝ፣ ጋሼ!

እቴ ማንተገብሽን ዓይናቸውን ሳሙልኝ። የልጅ ልጆችዎን፣ አሪኤልን በትምህርቱ እንዲበረታ፣ ትንሿን ሃዳርን ቶሎ እንድታድግ በሉልኝ። አባ መኩሪያ ሰላም ብለዎታል። ቶሜርና ኦርታልም እጅ ነሥተዋል፤ ስማቸውን በአንድ መስመር መጻፌን ልብ ይበሉልኝ።

እኅትዎ ይታየሽ
ረሆቮት፣ ክፋር ማርሞሬክ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.