አባባን ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ያሻገርኩበት ሳምንት

ይድረስ ጎዴ ላለኸው ለወንድሜ ለእንድሪያስ፦

ጤናህስ እንዴት ነው? የጎዴ ሙቀት አላደከመህም ወይ? ባለቤትህ ህይወትስ፣ ትንሿ ልጃችሁ ትሕትናስ ደህና ናቸው? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን። እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ፤ ጉራዬን የምነዛበት ሰው አጥቼ ነው ወደ አንተ የሮጥኩት።

ጾሙ ሲገባ የአባባ ድምፅ ጭራሽ ተዘጋ። ሐኪሙ ከሹክሹክታ በላይ እንዳያወጡ ከለከላቸው። ድምፅ የሌለው መሪጌታ ምን ያስተምራል? ያውም ጾመ ድጓ በሚዜምበት ሰሞን። ተማሪዎቹ አዴት ሄደው ሌላ መምህር ሊፈልጉ አኮፋዳቸውን አነሱ። እማዬ የአባትሽ የማስተማሪያ ወንበር በቁማቸው ሊታጠፍ ነው እያለች አለቀሰች።

ያኔ አንተ አምና ከአባባ የቀዳኸው ዜማ ትዝ አለኝ። ግን ያለው የጽሕፈት ሱቄ ኮምፒውተር ላይ፣ አንተ ከዊንዶውሱ ጎን በጫንከው ሊኑክስ ውስጥ ነው፤ ዊንዶውሱ ያን ወገን መኖሩንም አያውቅም። የፍላሽ መሰኪያው ተሰብሯል፤ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያው ደግሞ ያለ ዊንዶውስ አይሠራም። ጎረቤቴ ኮምፒውተር ጠጋኙ ጌታሁን ሊኑክሱን አጥፊውና ተገላገይ ብሎኝ አረፈ። ብሰማው ኖሮ የአባባም ድምፅ አብሮ መጥፋቱ ነበር።

እምቢ ብዬ ከዲስኩ ላይ ለሁለቱም የጋራ የሚሆን ክፍል ቆረጥኩ። ሁለቱም አዩት። ዜማውን ልገለብጥበት ስል ግን ሊኑክሱ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም አለኝ። ብለምነው፣ ብሰድበው፣ ወይ ፍንክች።

ለካ ጥፋቱ የእኔው ልማድ ነው። መብራቱ ስለሚመላለስ፣ የጀመርኩት ሥራ እንዳይጠፋ ብዬ ዊንዶውሱን አልዘጋውም፤ ሥራውን ዲስኩ ላይ እንዳስቀመጠ አስተኝቼው ነው የምሄደው። እሱ ደግሞ የጋራውን ክፍል እንደያዘ ነው የሚተኛው። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ አውድማ ቢወቁ፣ አንዱ እህሉን ሳያነሳ ቢተኛ፣ ሌላው በሬውን ይነዳበታል? አይነዳም። ሊኑክሱ ነውር ያውቃል፤ ስድቤን ያላግባብ ነው የጠጣው።

ዊንዶውሱን ቀስቅሼ፣ ማስተኛቱንም ጨርሼ ትቼ፣ በወጉ ዘጋሁት። ከዚያ ሊኑክሱን ከፍቼ ስገለብጥ ዜማው አንድም ሳይቀር ወደ ጋራው ክፍል ገባ። ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሁሉም እዚያ ጠበቀኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጌታሁን ራሱን እያከከ መጥቶ፣ እስቲ እንዴት እንዳደረግሽው አሳዪኝ አለ። አሳየሁት፤ ትንሽ ካስለመንኩት በኋላ።

ቅዳሜ ዜማውን የገለበጥኩበትን ካርድ ይዤ በቡሬ በኩል አገር ቤት ገባሁ። ካርድ በሚያነብ ድምፅ ማጉያ ላይ ስከፍተው አኮፋዳው ሁሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሁን አባባ መቋሚያቸውን ይዘው በገዛ ድምፃቸው ያስተምራሉ፤ ተማሪ ሲስት እጃቸውን ያነሳሉ፣ ማጉያው አጠገብ ያለው ልጅ ዜማውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አዴት የሄደ የለም።

ህይወትን ሰላም በልልኝ፤ የትሕትናን ጉንጭ ሳምልኝ። እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች፤ ለፋሲካ ና ትላለች። አባባ ሰላምታቸውን በጆሮዬ ነው የነገሩኝ፤ ወንበሩ አልታጠፈም በይው ብለውኛል።

እህትህ ያምሮት ገብረሰንበት
ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.